የ3 ሰዓት ሰርግ ከ2 ጊጋባይት በታች፦ የኤፍኤፍኤምፔግ አማራጮች ላይ እርዱኝ

የጦሳ ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ የፎቶና የቪዲዮ ቤት አለችኝ። ሰሞኑን ኮምቦልቻ ያነሳሁት አንድ ሰርግ እንቅልፍ ነስቶኛል። ኒካሁ፣ የመንዙማው ሌሊትና መልሱ አንድ ላይ ተቀናብሮ 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሆነ። ከማቀናበሪያው የወጣው ፋይል 38 ጊጋባይት ነው፤ 1080 መስመር፣ በሰከንድ 50 ፍሬም። ለቤተሰቡ በሃርድ ዲስክ አስረክቤያለሁ፤ በእነሱ በኩል ዕዳ የለብኝም። ዕዳዬ ያለው ጅዳ ነው። የሙሽራዋ ታላቅ ወንድም እዚያ ይሠራል፤ ፈቃድ አጥቶ ሰርጉ አመለጠው። እናታቸው በየማለዳው እየደወሉ «ልጄ፣ ያ ነገር ተላከ?» ይሉኛል። ቴሌግራም ደግሞ በነጻው አገልግሎት ለአንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም። በክፍል በክፍል ልላከው ብላቸው «ሰርግ ተቆራርጦ አይላክም፤ ገደ ቢስ ነው» አሉኝ። ክርክር አልገባሁም።

ኤፍኤፍኤምፔግን (ቪዲዮ የሚጨምቀውንና የሚቀይረውን ፕሮግራም) ትእዛዝ በሚተየብበት ጥቁር መስኮት መጠቀም ከጀመርኩ ገና ሁለት ወር ነው። የመጀመሪያውን ሙከራ አንድ ወዳጄ ከላከልኝ ትእዛዝ ገልብጬ ሠራሁ፦ ሊብኤክስ264 የሚባለው መጨመቂያ (ኢንኮደር)፣ -ሲአርኤፍ 18፣ -ፕሪሴት ቬሪስሎው (የፍጥነቱ ምርጫ፣ በጣም ዝግ ያለው)፣ ውጤቱ ኤምፒ4። (አማራጮቹን ስንጠራቸው እንደምንላቸው እጽፋለሁ፤ ስትተይቡ በላቲን ፊደል ነው።) ኮምፒውተሬ አሮጌ ኮር አይ3 ነው። በሰከንድ 5 ፍሬም እያለ ይንፏቀቅ ጀመር። በጠቅላላው 570,000 ፍሬም ነውና ከ31 ሰዓት በላይ ማለት ነው። በ27ኛው ሰዓት መብራት ሄደ። ሲመለስ ፋይሉ ቦታው ላይ አለ፤ መጠኑም ደልደል ያለ ነው፤ ግን የትኛውም ማጫወቻ አይከፍተውም። «ሙቭ አቶም አልተገኘም» ይላል።

በንዴት ሁለተኛውን በ-ሲአርኤፍ 40 እና በ-ፕሪሴት ኡልትራፋስት ሠራሁት። ቶሎ አለቀ፤ አነሰም። ሙሽራዋ በመልሱ ዕለት የለበሰችው ሐበሻ ቀሚስ ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ ሐረግ ነው፤ ሸማኔው ዓይኑን ያፈሰሰበት። እዚህ ፋይል ላይ ሐረጉ ጠፍቶ የሟሟ ሳሙና የመሰሉ አራት ማዕዘኖች ቀሩ። ይህን ልኬ በየትኛው ዓይኔ ኮምቦልቻ እገባለሁ?


ቦርከና | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

አብሽር ወንድሜ፤ ይህ ያልደረሰበት የለም።

መጀመሪያ ስለሞተው ፋይል። ኤምፒ4 የትኛው ፍሬም የት እንዳለ የሚናገር ማውጫ አለው፤ ሙቭ አቶም የሚባለው እሱ ነው። ኢንኮደሩ ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ ምን የት እንዳረፈ ስለማያውቅ ማውጫውን የሚጽፈው በመጨረሻ ነው። መብራቱ ሲሄድ ምስሉ ዲስኩ ላይ ነበር፤ ማውጫው ግን ገና አልተጻፈም። አንትራንክ የሚባል ከጤነኛ ፋይል እያመሳከረ የሚጠግን ፕሮግራም አለ፤ ዋናው 38 ጊጋባይት በእጅህ እያለ ግን በዚያ ጊዜህን አትፍጅ። ከእንግዲህ ውጤትህን ኤምኬቪ አድርገው። ኤምኬቪ እየጻፈ ስለሚሄድ መብራት ቢሄድ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያለው ይከፈታል። ሲያልቅ በ-ሲ ኮፒ ወደ ኤምፒ4 ትቀይረዋለህ። ኮፒ ማለት ምስሉን ሳይነኩ ሳጥኑን ብቻ መለወጥ ነው፤ ቡና ሳይፈላ ያልቃል። እዚያ ላይ -ሙቭፍላግስ +ፋስትስታርት ጨምርበት፤ ማውጫውን ከጅራቱ ወደ ራሱ ያመጣዋልና ወንድምየው ፋይሉ ወርዶ ሳያልቅ ማየት ይጀምራል።

ሁለተኛው ነገር፣ መጠን ተቆርጦልህ ሳለ ጥራት የሚቆርጥ አማራጭ መረጥክ። ሲአርኤፍ «ጥራቱ ይህን ያህል ይሁንልኝ፣ መጠኑ የመጣው ይምጣ» ማለት ነው። ለኤክስ264 ከ0 እስከ 51 ይሄዳል፤ ካልነገርከው 23ን ይይዛል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጥራቱ ይጨምራል። በ6 ስትወርድ መጠኑ እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ በ6 ስትወጣ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ለአንተ የሚሆነው ግን ሁለት ዙር ነው። ሂሳቡን ላሳይህ፦ 1,900 ሜጋባይት እንያዝ፤ ከ2 ጊጋው ትንሽ ትንፋሽ እንተው። አንድ ሜጋባይት 8,000 ኪሎቢት ነውና 1,900 በ8,000 ሲባዛ 15,200,000 ኪሎቢት ነው። 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ 11,400 ሰከንድ ነው። ሲካፈል በሰከንድ 1,333 ኪሎቢት ይመጣል። ለድምፅ 128 ቀንስ፤ ለምስሉ 1,200 ይተርፍሃል።

ዙር አንድ፦
ኤፍኤፍኤምፔግ -ዋይ -አይ ሰርግ.ኤምፒ4 -ቪኤፍ ስኬል=-2:720,ኤፍፒኤስ=25 -ሲ:ቪ ሊብኤክስ264 -ፕሪሴት ስሎው -ቢ:ቪ 1200ኬ -ፓስ 1 -ኤኤን -ኤፍ ነል ኤንዩኤል

መጨረሻው ላይ ያለው ዊንዶውስ ላይ ኤን፣ ዩ፣ ኤል የሚሉ ሦስት ፊደሎች ብቻ ናቸው፤ ሊኑክስ ላይ /ዴቭ/ነል ነው። -ኤኤን ድምፁን ተወው ማለት ነው። በዚህ ዙር ቪዲዮ አይወጣም። የት ብዙ እንቅስቃሴ እንዳለ፣ የት ዝም እንዳለ ብቻ መዝግቦ ያስቀምጣል።

ዙር ሁለት፦ ያው ትእዛዝ ነው፤ -ፓስ 2 ይሆናል፣ -ኤኤን እና ከኋላው ያለው ወጥቶ በቦታው -ሲ:ኤ ኤኤሲ -ቢ:ኤ 128ኬ ሰርግ-ትንሹ.ኤምኬቪ ይገባል። መዝገቡ ዲስክ ላይ ስለሚቀር በሁለተኛው ዙር መሐል መብራት ቢሄድ የመጀመሪያውን አትደግምም።

ስኬል ላይ ያለው -2 «ስፋቱን አንተው አስላው፣ ለ2 የሚካፈል ይሁን» ነው። ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ ኤክስ264 በተለመደው የቀለም አያያዝ አልሠራም ይልሃል።


ፈጣኑ ፈረስ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:40

እናንተ አሁንም 264 ላይ ናችሁ? የመጨመቂያው ስታንዳርድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው እኮ። 265 በ2013 መጣ፤ ከዚያ ደግሞ ኤቪ1 በ2018። -ሲ:ቪ ሊብኤክስ265 ብሎ መገላገል ነው፤ በተመሳሳይ ጥራት መጠኑ ግማሽ ይሆናል። ይህን ሁሉ ማካፈልና ማባዛት ምን አመጣው?


ቦርከና | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5:02

ግማሽ የሚባለው በጥሩ ቀን፣ በትልቅ ምስል ላይ ነው። 720 መስመር ላይ ትርፉ ያንሳል። እሺ ይሁን፤ ግን ማን ነው የሚጠብቀው? እኔ እዚህ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ባለ አራት ኮር ላፕቶፕ አለኝ። አንድ ደቂቃ ቪዲዮ በ265 ስሠራ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል፤ ማሽኑ ሲግል ራሱን ያቀዘቅዛል፣ ፍጥነቱም አብሮ ይወርዳል። የደሴ ሰው በብርዱ ታድሏል። ቢሆንም አሮጌ አይ3 ላይ 265 በዚህ ርዝመት ሌላ ሁለት ሌሊት ነው፤ ሌላ ሁለት ሌሊት ማለት ደግሞ ሌላ የመብራት ዕጣ ማውጣት ነው።

ሌላው ተቀባዩ ነው። ወንድምየው በምን ስልክ እንደሚያየው፣ ከዚያም ለስንት ሰው እንደሚያስተላልፈው አናውቅም። 264 ዋይዩቪ420ፒ ከሚባለው የተለመደ የቀለም አያያዝ ጋር ያልከፈተው ስልክ እስካሁን አላየሁም። 265ን የግድ ካልክ ሲአርኤፉ ከ28 እንደሚጀምር እወቅ፤ የ264ቱን 23 እዚያ ገልብጠህ አትጻፍ። ለአይፎን ደግሞ -ታግ:ቪ ኤችቪሲ1 ጨምርበት፤ አለዚያ ፋይሉ ይደርስና አይከፈትም።


አዝዋ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:30

እኔ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነኝ፤ ለክፍላችን የተቀረጹ ትምህርቶችን እየጨመቅኩ የማከፋፍለው እኔ ነኝ። ቦርከና ያለው ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሙሉውን ከማስኬድህ በፊት አንድ አንድ ደቂቃ ሞክር፣ ወንድሜ። -ኤስኤስ 01:12:00 -ቲ 60 ከ-አይ በፊት ጻፈው፤ ከ-አይ በኋላ ከጻፍከው ከመጀመሪያው ጀምሮ እስከዚያ ድረስ ያለውን ሁሉ እየፈታ ስለሚሄድ በከንቱ ትጠብቃለህ።

ደቂቃውን ስትመርጥ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው የሚመርቁበትን አትውሰድ፤ እሱን ማንኛውም ቁጥር ያሳምረዋል። እስክስታው የደመቀበትን፣ ጨለማውንና ጭሱን ውሰድ። የፋይል ገዳዮች እነሱ ናቸው። ቪዲዮ የሚጨመቀው ካለፈው ፍሬም የተለወጠውን ብቻ በመጻፍ ነው። ግድግዳው ካልተንቀሳቀሰ በነጻ ያልፋል። የዕጣን ጭስ ግን በእያንዳንዱ ፍሬም ሌላ ጭስ ነው።

ፕሪሴቱ ላይም አትጨነቅ። ከሚዲየም ወደ ስሎው የሚሻሻለው ይታያል፤ ከስሎው ወደ ቬሪስሎው ጥቂት መቶኛ ለማትረፍ ጊዜውን እጥፍና ከዚያ በላይ ትከፍላለህ። ከቬሪስሎው በታች «ፕላሲቦ» የሚባል አለ፤ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣው ሰው ሐቀኛ ነበር።


ጋሼ ሌንስ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:15

ልጆች፣ እናንተ ሁሉንም በቁጥር ትፈቱታላችሁ። እኔ በደርግ ጊዜ ካሜራ ትከሻዬ ላይ ይዤ የጀመርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ነገር ልጠይቅ። የጦሳ ልጅ፣ የመንዙማውን ሌሊት በምን መብራት ነው ያነሳኸው?


የጦሳ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:40

ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ሁለት አምፖል ነበር፤ አንዱን ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው «ዓይናችንን ወጋን» ብለው አስጠፉት። አይኤስኦውን (የካሜራውን ብርሃን የመሳብ አቅም) 6400 አድርጌ ነው የጨረስኩት።


ጋሼ ሌንስ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:58

አልኩ! ጨለማው ውስጥ የሚርመሰመሰው ጤፍ ጤፍ የሚያህል ነጥብ የካሜራው ጩኸት ነው፤ ኢንኮደሩ ግን ጩኸት መሆኑን አያውቅም። እንደ ጥለቱ ሐረግ ቆጥሮት ላቡን ያፈስበታል። 1,200 ኪሎቢት አለህ፤ ግማሹን ለማንም ለማይፈልገው ነጥብ ከሰጠኸው ለቀሚሱ ምን ይተርፋል? መብራት አምጣ የምልህ ጊዜው አልፏል። አጣሪ አድርግበት፤ ስሙን እነ አዝዋ ያውቁታል።


አዝዋ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:10

ጋሼ ትክክል ናቸው። ማጣሪያው ኤችኪውዲኤን3ዲ ነው። -ቪኤፍ ኤችኪውዲኤን3ዲ,ስኬል=-2:720,ኤፍፒኤስ=25 ብለህ ከስኬሉ በፊት አስገባው። ማጣሪያዎቹ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ነው የሚሠሩት፤ ኮማው ወረፋ ማለት ነው። ቁጥር ሳትሰጠው በራሱ መጠን ጀምር። ካበዛኸው የሽማግሌዎቹ ፊት እንደ ሰም ይለሰልሳል፤ ጢማቸው አንድ ላይ ይጋገራል።

በሰከንድ 50 ወይስ 25 የሚለውንም ራስህ በዓይንህ ፍረድ። ትከሻው በፍጥነት ሲንቀጠቀጥ በ50 ይበልጥ ያምራል፤ ምንም አያከራክርም። በ1,200 ኪሎቢት ግን ለእያንዳንዱ ፍሬም የሚደርሰው ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል። እኔ 25 እመርጣለሁ።


የሰፈር ሰው | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:00

ይህ ሁሉ ለምን? ስልክ ላይ ቪዲዮ የሚያሳንሱ መተግበሪያዎች ሞልተዋል፤ ቁልፍ ተጭኖ መተኛት።


ቦርከና | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:12

38 ጊጋባይት ስልክ ውስጥ አስገባና ተኛ፤ ስትነሳ እንነጋገራለን።


የጦሳ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:45

አዝዋ ባለችው መሠረት ሦስት ደቂቃ መርጬ ሞከርኩ። ሁሉም 720 መስመር፣ 25 ፍሬም፣ -ሲአርኤፍ 23፣ -ፕሪሴት ስሎው። ሽማግሌዎቹ የሚመርቁበት ደቂቃ 4 ሜጋባይት ወጣ። የመልሱ እስክስታ 21። የመንዙማው ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ፣ ከድቤውና ከጭብጨባው በቀር ብዙ የሚንቀሳቀስ ነገር ሳይኖር 26 ሜጋባይት! ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ማጣሪያውን አስገብቼ ስደግመው 15 ሆነ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው፤ የተጣራው እንዲያውም ይሻላል። የጋሼ እጅ ይባረክ።

የቦርከና ሂሳብ በደቂቃ 9 ሜጋባይት የሚደርሰኝ መሆኑ ነው። ሽማግሌዎቹ ከ9ኙ 5ቱን ለእስክስታው ያበድራሉ ማለት ነው።

አሁን የሚያስፈራኝ መብራቱ ብቻ ነው። በዚህ አቀማመጥ ማሽኔ በሰከንድ ወደ 38 ፍሬም ይሠራል። 285,000 ፍሬም ነውና ሁለተኛው ዙር ብቻ ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ የመጀመሪያው ዙር ተጨምሮ ከ3 ሰዓት ተኩል አያንስም። በዚህ ሳምንት ደግሞ ሦስት ሰዓት በተከታታይ መብራት አላየሁም።


ቦርከና | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

እንግዲያው ቆራርጠን እንሥራው። አትደንግጥ፤ ሲላክ አንድ ሆኖ ነው፤ እናትየው አያውቁም።

መጀመሪያ ዋናውን ሳትነካው በ20 በ20 ደቂቃ ክፈለው፦
ኤፍኤፍኤምፔግ -አይ ሰርግ.ኤምፒ4 -ማፕ 0:ቪ -ሲ ኮፒ -ኤፍ ሴግመንት -ሴግመንት_ታይም 1200 -ሪሴት_ታይምስታምፕስ 1 ቁራጭ%03ዲ.ኤምኬቪ

-ማፕ 0:ቪ ምስሉን ብቻ ውሰድ፣ ድምፁን ተወው ማለት ነው። 10 ቁራጭ ይወጣል። ለተጨማሪ 38 ጊጋባይት ቦታ አዘጋጅ። ልኩ 20 ደቂቃ ላይ አይቆርጥም፤ ቀጥሎ ያለው ኪፍሬም (በሌላ ፍሬም ሳይደገፍ ሙሉ ምስል የያዘው) ላይ ነው የሚቆርጠው፤ ችግር የለውም። ከዚያ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው በሁለት ዙር በ1,200 ትሠራለህ፤ መዝገቦቹ እንዳይደባለቁ ለእያንዳንዱ በ-ፓስሎግፋይል የተለየ ስም ስጠው። መብራት ቢሄድ የምትደግመው አንዲት ቁራጭ ብቻ ነው። ሲያልቅ የቁራጮቹን ስም በአንድ የጽሑፍ ፋይል ትደረድርና በ-ኤፍ ኮንካት -ሴፍ 0 ታያይዛቸዋለህ፤ እሱም በ-ሲ ኮፒ ነው።


አዝዋ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:55

አንድ ጉዳት ግን አለው፤ ሳይነገረው እንዳይቀር። ሙሉው አንድ ላይ ሲሠራ ሽማግሌዎቹ ለእስክስታው ያበድራሉ ያልከው በሦስት ሰዓቱ ሁሉ ላይ ነው። ሲቆረጥ ብድሩ በ20 ደቂቃ ውስጥ ብቻ ይሆናል። ኒካሁ ያለበት ቁራጭ ተርፎት ይንደላቀቃል፤ እስክስታው ያለበት ቁራጭ ይራባል። ስለዚህ ለሁሉም 1,200 አትስጥ። አንዴ ሁሉንም ቁራጮች በ-ሲአርኤፍ 26 እና በ-ፕሪሴት ቬሪፋስት አስኪዳቸውና የእያንዳንዱን መጠን እይ፤ ቶሎ ያልቃል። ከዚያ ለምስሉ የሚደርሰውን 1,710 ሜጋባይት (በደቂቃ 9፣ ለ190 ደቂቃ) በዚያ ሬሾ አከፋፍላቸው።


ቦርከና | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:01

ይህን አላሰብኩትም። ተማሪዋ አስተማረችኝ፤ ሃቅ ነው።


ፈጣኑ ፈረስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20

ወይም ግራፊክስ ካርድ ካለህ ኤች264_ኤንቪኢንክ (ካርዱ ራሱ የሚጨምቅበት) ብለህ በአንድ ሰዓት ትጨርሰዋለህ። ይህን እንኳ እመኑኝ።


አዝዋ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:31

ካርዱ ካለ ፍጥነቱ እውነት ነው። ግን -ሲአርኤፍ የሚለውን አያውቅም፤ -ሲኪው ነው የሚጠቀመው። በትንሽ ቢትሬት (በሰከንድ በሚመደብ ኪሎቢት) ላይ ደግሞ በተለይ የቆዩት ካርዶች ከኤክስ264 ስሎው ያንሳሉ። በ20,000 ኪሎቢት ልዩነቱ አይታይም፤ በ1,200 ግን ጥለቱ ላይ ይታያል።


የጦሳ ልጅ | ኀሙስ፣ ከምሽቱ 1:10

ወገኖቼ፣ ላውራችሁ።

ረቡዕ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀመርኩ። መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ። አንደኛው 4ኛው ቁራጭ ላይ፣ ሁለተኛው 9ኛው ላይ። ሁለቱንም ጊዜ ሻይ ጠጣሁ፤ ሲመጣ ያችኑ ቁራጭ ደገምኩ። ባለፈው ሳምንት የነበርኩት ሰው አልመስልም ነበር።

በአዝዋ ሬሾ መሠረት ምርቃቱ ያለበት ቁራጭ 620 ኪሎቢት ደረሰው፤ እስክስታው ያለበት 2,150። ማታ አያያዝኩት። ምስሉ ቅልብጭ ብሏል! ግን እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ -ማፕ 0:ቪ የሚለውን ትቼ ድምፁንም አብሬ በየቁራጩ ሠርቼው ነበር። በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው በየ20 ደቂቃው፣ ልክ መገጣጠሚያው ላይ፣ «ጭ» የምትል ድምፅ አለች። አንዷ የወደቀችው መንዙማው መሐል፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ አንድ አዛውንት ብቻቸውን የሚያወጡበት ቦታ ላይ ነው።


አዝዋ | ኀሙስ፣ ከምሽቱ 1:25

ቦርከና ቪዲዮውን ብቻ ቁረጥ ያለህ ለዚህ ነው። የድምፁ መጨመቂያ ኤኤሲ ድምፁን በ1,024 ናሙና እያሰረ ነው የሚጽፈው፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ሲጀምርም መነሻው ላይ ጥቂት ባዶ ይጨምራል። ስታያይዘው ያ ባዶ ይሰማል። ቪዲዮውን አትንካው፤ አልቋል። ድምፁን ብቻ ከዋናው ፋይል ባንድ ጊዜ አውጣ፦ -ቪኤን -ሲ:ኤ ኤኤሲ -ቢ:ኤ 128ኬ ድምፅ.ኤም4ኤ። ድምፅ ብቻ ስለሆነ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ከዚያ ሁለት -አይ ስጠው፤ የተያያዘውን ምስልና ድምፁን። -ማፕ 0:ቪ -ማፕ 1:ኤ -ሲ ኮፒ -ሙቭፍላግስ +ፋስትስታርት ብለህ ኤምፒ4 አድርገው።


የጦሳ ልጅ | ኀሙስ፣ ከምሽቱ 2:20

ጠፋች! አዛውንቱ ብቻቸውን ቀሩ።

1,899 ሜጋባይት። ቦርከና ከገመተው በ1 ሜጋባይት ያነሰ። ጥለቱን አጉልቼ አየሁት፤ ሐረጉ ቅጠል በቅጠል ይቆጠራል። ሙሽራዋ በፍጥነት ስትዞር ትንሽ ይደበዝዛል፤ በቆመች ጊዜ ይመለሳል። ሌሊት ኔትወርኩ ቀለል ሲል እጭነዋለሁ።


የጦሳ ልጅ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4:00

ደረሰ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ጫንኩት፤ ንጋት ላይ አለቀ። ወንድምየው ቁርስ ሳይበላ አይቶታል። ዛሬ እናትየው ሲደውሉ «ተላከ?» አላሉም። «እኔ ሳለቅስ ያለውን ለምን አስገባኸው?» አሉኝ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልብቃ። የሙሽራው ቤተሰብ በአሮጌ ቴሌቪዥን ላይ በፍላሽ ማየት ስለፈለጉ ለእነሱ በ1080 መስመር፣ በ25 ፍሬም፣ በ-ሲአርኤፍ 21 ሠራሁላቸው። እዚያ መጠን የሚገድበኝ የለም ብዬ ነበር። 5.6 ጊጋባይት ሆነና ፍላሹ «ፋይሉ በዛብኝ» አለ። ቴሌቪዥኑ የሚያነበው ፋት32 የሚባለውን የፍላሽ አደረጃጀት ብቻ ነው፤ ፋት32 ደግሞ አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ከደረሰ አይዝም። እነሱ መቆራረጥ አልከፋቸውም፤ ኒካሁን ለብቻ፣ መልሱን ለብቻ አደረግኩት። -ፕሮፋይል:ቪ ሃይ እና -ሌቭል 4.1 ጨምሬበት ቴሌቪዥኑ ያለ ምንም ማንገራገር አጫወተው።


ጋሼ ሌንስ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4:35

እንኳን ደስ አለህ ልጄ። አሁን የእኔን ስሙኝ። እዚህ ቤት 62 የቪኤችኤስ ካሴት አለኝ፤ የደሴና የሐይቅ ሰርግ፣ ለቅሶ፣ ምርቃት። ግማሾቹ ባለቤቶቻቸው በሕይወት የሉም፤ ልጆቻቸው እየመጡ ይጠይቁኛል። በመቅረጫ ሳጥን አንዱን ወደ ኮምፒውተር አስገባሁት። ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለ መስመር ይወጣል። ካሴቱ ተበላሽቶ ነው?


አዝዋ | ዓርብ፣ ከቀኑ 6:20

ካሴትዎ ደህና ነው፣ ጋሼ። የድሮው ካሜራ አንዱን ፍሬም ሁለት ቦታ ከፍሎ ነው የሚቀርጸው፤ መጀመሪያ አንዱን ረድፍ መስመር፣ ከዚያ በመካከሉ ያለውን። በቱቦው ቴሌቪዥን አይታይም፤ በኮምፒውተር ላይ ግን ሁለቱ ረድፎች አንድ ላይ ሲቀመጡ የተንቀሳቀሰው ነገር ሁለት ቦታ ይሆናል። -ቪኤፍ ያዲፍ=1 ያድርጉበት፤ ከእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሙሉ ምስል ሠርቶ በሰከንድ 50 ያወጣልዎታል፤ እንቅስቃሴው እንደ ድሮው ይለሰልሳል። ጩኸቱ ብዙ ከሆነ ኤችኪውዲኤን3ዲን ከያዲፍ በኋላ ያስከትሉ፤ ከፊት ካስቀደሙት ረድፎቹን ያምታታል።

ለማኅደር ስለሆነም እባክዎ አይሠሥቱ። -ሲአርኤፍ 18 ይስጡት። ካሴቱ ሁለተኛ ላይጫወት ይችላል። ከመቅረጫው የወጣውን ጥሬ ፋይልም ዲስክ እስከበቃዎት ድረስ አይሰርዙት።


ቦርከና | ዓርብ፣ ከቀኑ 6:48

ጋሼ፣ አንድ ልጨምርልዎት። የእኛ አገር ካሴት ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ነው፤ ሲገባ 720 በ576 ይሆናል፤ ነጥቦቹ ግን ካሬ አይደሉም። እንዳለ ከተዉት ሰዉ ሁሉ ይቀጥናል። ከያዲፉ ቀጥሎ ስኬል=768:576,ሴትሳር=1 ያድርጉ።


ጋሼ ሌንስ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:30

የመጀመሪያውን ጨረስኩ፤ የአንድ ወዳጄ ሰርግ ነው፣ አይጠየፍ ግቢ አጠገብ የተነሳ። የቦርከናን ምክር ሳላነብ ስለሠራሁት ሙሽራው ቀጥኖ ረዝሞ ወጣ፤ ልጁ አይቶ «አባቴ እንዲህ ነበር እንዴ?» አለኝ። 768 አድርጌ ደገምኩት። አሁን ያ አጭሩና ደንዳናው ሰውዬ ራሱ ሆነ። 61 ካሴት ቀርቶኛል።